«አትቆምም» የምትባለው መኪና፦ የቶዮታ ታሪክና የባለንብረቶች አስተያየት

በትምህርት ክፍላችን የመኪና ጥራት ሲነሳ የምንጠቅሰው የሞተር ጉልበትን፣ የነዳጅ ፍጆታን፣ የአካል ጥንካሬንና የመሳሰሉትን ነው። ባለንብረቱ ግን እንዲህ አያወራም። ለልምምድ በወጣሁበት ጋራዥና ከዚያም ውጪ «ቶዮታ ለምን ገዛህ?» ብዬ የጠየቅኳቸው ሰዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት መልስ ነው የሰጡኝ፦ «አትቆምም፤ መንገድ ላይ አትጥልህም።» ይህን መልስ ይዤ የኩባንያውን ታሪክ ማንበብ ስጀምር አንድ ነገር ገረመኝ። ባለንብረቱ መኪናዋን የሚያወድሳት ባለመቆሟ ሲሆን፣ ኩባንያው ደግሞ የሥራ ዘዴውን መሠረት የጣለው በመቆም ላይ ነው። ስህተት ሲታይ ሥራ ይቆማል፤ ስህተቱ ሳይታረም አይቀጥልም። በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ባጭሩ አቅርቤ፣ ባለንብረቶች የሚሉትን ጨምሬ፣ ሁለቱ የት እንደሚገጥሙና የት እንደሚለያዩ ለማሳየት እሞክራለሁ። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪና ሳይሆን ከሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ በ1867 የተወለደ የአናጢ ልጅ ነበር። ከአባቱ የወረሰውን የእንጨት ሙያ ይዞ የሽመና መሣሪያ ማሻሻል ጀመረና በ1891 በእጅ ለሚሠራ የእንጨት መሸመኛ የፈጠራ መብት አገኘ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በሙሉ በዚሁ ሥራ ላይ ነው ያሳለፈው። በ1924 ከልጁ ከኪቺሮ ጋር የጨረሰው አውቶማቲክ መሸመኛ ግን ከሁሉም ይለያል። ክር በተበጠሰ ጊዜ መሣሪያው ራሱን ያቆማል።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር ሆነ? የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ክር ሲበጠስበት እጁ ወዲያው ያውቃል፤ መወርወሪያውን አስቀምጦ ይቀጥለዋል። በሞተር የሚሠራ መሸመኛ ግን እጅ የለውም። ድሩ ቢበጠስ፣ ማጉ ቢያልቅ ግድ የለውም፤ ዝም ብሎ ይሸምናል። ስለዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። የሳኪቺ መሣሪያ ራሱ ስለሚቆም አንድ ሠራተኛ በደርዘን የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን መቆጣጠር ቻለ፤ የተበላሸ ጨርቅም አይመረትም። ጃፓኖቹ ይህን ሐሳብ ጂዶካ ይሉታል። በ1929 የእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ የተባለ የሽመና መሣሪያ አምራች የዚህን መሸመኛ መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። በዚያን ጊዜ ከጃፓን መካኒክ እንግሊዝ ዕውቀት መግዛቷ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ኪቺሮ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና የተማረ ነው። ልቡ ያለው መኪና ላይ ነበር። በ1933 በአባቱ የመሸመኛ ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል ተቋቋመ። የፎርድንና የሼቭሮሌን መኪኖች ፈታትተው እያጠኑ በ1935 ጂ-ዋን የተባለውን የጭነት መኪና አወጡ። አሁን ቶዮታ ሲባል አይበላሽም የምንል ሰዎች ይህን ማወቅ አለብን፦ የመጀመሪያው ቶዮታ በየመንገዱ የሚቆም መኪና ነበር። ገዢዎቹ በተደጋጋሚ ብልሽት ተማረሩ። የሽያጩን ሥራ የያዘው ሾታሮ ካሚያ በጃፓን ከነበረው የጄኔራል ሞተርስ ድርጅት የመጣ ሰው ነበር። መጀመሪያ ገዢው፣ ቀጥሎ ሻጩ፣ መጨረሻ ላይ አምራቹ ይጠቀም የሚል መርህ ነበረው። መኪናው በቆመ ቁጥር ከፋብሪካው ሰው እየተላከ ይጠገን ነበር፤ የተበላሸው ዕቃም ወደ ፋብሪካ ተመልሶ ለምን እንደተበላሸ ይመረመራል። የኩባንያው ጥራት የተጀመረው እዚህ ይመስለኛል። ጥሩ መኪና ስለሠሩ ሳይሆን መጥፎውን መኪና ተከትለው ስለሄዱ ነው።

በ1936 ስሙ ከቶዮዳ ወደ ቶዮታ ተለወጠ። በጃፓን ፊደል ሲጻፍ ስምንት ጭረት ስለሚሆንና ስምንት ቁጥር እንደ መልካም ዕድል ስለሚታይ ነው ይባላል። ቶዮታ ሞተር ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆኖ የተመሠረተው በነሐሴ 1937 ነው። የጦርነቱን ዘመን እዚህ አልዘረዝርም፤ ለሠራዊቱ የጭነት መኪና ይሠሩ ነበር፣ ከሽንፈቱ በኋላም ከባዶ ለመነሳት ተገደዱ።

ከዚያ የመጣው ችግር ግን ሊታለፍ አይችልም። በ1949 የጃፓን መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት ገንዘብ ሲያጠብቅ መኪና የሚገዛ ጠፋ። ኩባንያው ደመወዝ መክፈል አቃተው። ኪቺሮ ሠራተኛ አላባርርም ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ ባንኮቹ ደግሞ ሠራተኛ ካልተቀነሰ ብድር የለም አሉ። ለሁለት ወር ያህል የሥራ ማቆም አድማ ሆነ። በመጨረሻ ብዙ ሰዎች ሥራቸውን ለቀቁ፤ በሰኔ 1950 ኪቺሮም ራሱ ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ። በዚያው ወር መጨረሻ ላይ የኮሪያ ጦርነት ፈነዳና የአሜሪካ ጦር በሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት መኪኖች አዘዘ፤ ኩባንያው ዳነ። ኪቺሮ ግን ተመልሶ ሥራውን ሳይረከብ በ1952 ሞተ። የኮርያ ጦርነት ለእኛ የቃኘው ሻለቃ ታሪክ ነው፤ ለቶዮታ ደግሞ ከመክሰር የተረፈበት ነው። አንድ ጦርነት በየአገሩ የሚጻፈው በተለያየ መዝገብ ነው።

በዚያው በ1950 የኪቺሮ የአጎት ልጅ ኤጂ ቶዮዳ አሜሪካ ሄዶ የፎርድን ፋብሪካ ጎበኘ። ፎርድ በቀን 8,000 ያህል መኪና ሲያመርት ቶዮታ ገና 40 ያህል ነበር። ይህን ያህል ልዩነት ካለ ዘዴውን እንዳለ መቅዳት አያዋጣም። ፎርድ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት አምርቶ መጋዘን ይሞላል፤ ቶዮታ ግን መጋዘን የሚሞላበት ገንዘብም ሰፊ ገበያም አልነበረውም። ታይቺ ኦኖ የተባለው ኢንጂነር መፍትሔውን ያገኘው ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት አሠራር ነው። ደንበኛው ከመደርደሪያ ያነሳው ብቻ ይተካል። በፋብሪካ ውስጥም ቀጣዩ ክፍል የፈለገውን ያህል ብቻ ከቀዳሚው ይወስዳል፤ የተወሰደው በካንባን፣ ማለትም በካርድ፣ ተነግሮ ይተካል። ሁለተኛው ምሰሶ የሳኪቺ መሸመኛ ነው። ማንኛውም ሠራተኛ ስህተት ሲያይ ገመድ ይጎትታል፤ መብራት ይበራል፤ ኃላፊው ይመጣል፤ ችግሩ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። በሌላ ፋብሪካ መስመር ያስቆመ ሠራተኛ የሚጠብቀው ቁጣ ነበር።

ኦኖ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ ደጋግሞ መጠየቅንም አስተምሯል። ለክፍላችን ተማሪዎች እንዲመች በራሴ ምሳሌ ላሳይ። አንድ ሚኒባስ ዳገት ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ለምን? ውሃው ጎድሏል። ለምን? ቱቦው ያፈሳል። ለምን? ደርቆ ተሰንጥቋል። ለምን? መለወጥ ባለበት ጊዜ አልተለወጠም። ለምን? መቼ እንደተለወጠ የተጻፈበት ነገር የለም። አብዛኛው ጋራዥ የመጀመሪያው «ለምን» ላይ ውሃ ሞልቶ ይሸኛል፤ ጎበዝ የተባለው ቱቦ ይቀይራል። አምስተኛው ጋ የሚደርስ መካኒክ ለባለንብረቱ ደብተር ይገዛለታል ማለት ነው።

እንዲያም ሆኖ መንገዱ ቀና አልነበረም። በ1957 ክራውን የተባለችውን መኪና ወደ አሜሪካ ልከው ተዋረዱ። ለጃፓን ጠባብና ወጣ ገባ መንገድ የተሠራች መኪና በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ጉልበት አጣች፣ ሞተሯ ጋለ። በ1960 መላኩን አቆሙት። እንግዲህ ይህም መቆም ነው። በ1966 የወጣችው ኮሮላ የተሠራችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዋና ኢንጂነሯ ታትሱዎ ሃሴጋዋ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ይነድፍ የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያዋ ኮሮላ ሞተር 1,077 ሲሲ ብቻ ነበር። በ2021 ግን በዚህ ስም የተሸጡ መኪኖች ከ50 ሚሊዮን አልፈዋል።

አሁን ወደ እኛ አገር ልምጣ። ኢትዮጵያ ውስጥ ቶዮታ ማለት የአንድ ኩባንያ ስም ብቻ አይደለም። ሰው የየራሱ ቶዮታ አለው። ለአንዱ አሮጌዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ ለሌላው ቪትዝ፤ ለሾፌሩ ሕዝብ ዶልፊን፣ አባዱላ እያለ ቅጽል ስም የሚያወጣላት ሃይስ ናት፤ ገጠር ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ደግሞ ላንድ ክሩዘር። ሞኤንኮ ለረጅም ዓመታት የኩባንያው ወኪል ሆኖ አዲስ መኪና ቢያስገባም፣ ብዙው ሰው የሚያውቀው ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ የመጣውን ነው።

ያነጋገርኳቸው ባለንብረቶች ስለ ዲኤክስ ሲያወሩ ስለ ዘመድ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት። ከኔ በእጥፍ የሚበልጡ አንድ አባት «ልጄ፣ ይቺ መኪና ሁለት ልጆች አስተምራልኛለች» አሉኝ። ለምን አልቀየሯትም ጋሼ? ብላቸው፣ «የምትገባኝ እሷ ናት» አሉ። ይህ መልስ ቴክኒካዊ ትርጉም አለው። የእነዚያ መኪኖች ሞተር ካርቡራተር፣ ካንዴላ፣ ፕላቲና ያለው ቀላል ሞተር ነው፤ ኮምፒዩተር የለውም። ቴስታታውን ማውረድ የማይችል የሰፈር መካኒክ የለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፣ ካርቡራተሩም ቤንዚን ያበዛል። መካኒኩ ይህን በቀመር ባያሰላውም በጆሮው እየሰማ ያስተካክለዋል። ስለዚህ «ቶዮታ ጥሩ ነው» ሲባል ግማሹ ምስጋና የሰፈሩ መካኒክ ነው ባይ ነኝ።

የላንድ ክሩዘር ሾፌሮችም ነገራቸው ተመሳሳይ ነው። በ1951 የተሠራው የዚህ መኪና አባት በፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ በመውጣት ነው ራሱን ያስመሰከረው፤ ላንድ ክሩዘር የሚለው ስም የተሰጠው በ1954 ነው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚታወቀው ሰባ የሚባለው ዝርያ በ1984 የወጣ ሲሆን እስከ ዛሬ ይመረታል። 4.2 ሊትር የሆነው፣ ስድስት ሲሊንደር ያለው የናፍታ ሞተሩ ተርቦም ኤሌክትሮኒክስም የለውም። ለወረዳ አምቡላንስ ሾፌር የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። ኮረኮንቹ ላይ ባሌስትራ ቢሰበር ይታሰራል፤ ናፍታው ንጹሕ ባይሆን ፊልትሮ ይቀየራል፤ ምጥ የያዛት እናት ሆስፒታል ትደርሳለች። አንዱ ሾፌር ምቾቱን ስጠይቀው ሳቀብኝና «ወገብህን ይሰብራል፣ ግን ያደርስሃል» አለኝ።

ቪትዝ ላይ አስተያየቱ ይከፋፈላል። በ1999 የወጣች ትንሽ መኪና ናት፤ ነዳጅ አትበላም፣ ለማቆም አትቸግርም፣ ለሴትም ለወንድም ለጀማሪም ትሆናለች። ግን ሰው ሞልታ ዳገት ስትወጣ ትጨነቃለች፤ ማቀዝቀዣ ከተከፈተማ አይነሳ። ዋጋዋ ደግሞ አነጋጋሪ ነው። ሌላ አገር ተማሪ የሚገዛት አሮጌ መኪና እዚህ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ናት። አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ «መኪና አልገዛሁም፣ ብር አስቀመጥኩ» ብላ ነገረችኝ። ትክክሏን ነው። ብዙ ሰው ቶዮታ የሚመርጠው በማሽኑ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ነገ ልሽጥ ቢል ደላላ በአንድ ቀን ገዢ ስለሚያመጣለት ነው። የጥራትና የገበያ ዝና እርስ በርስ ይመጋገባሉ፦ ሁሉም ስለያዘው መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ መለዋወጫው ስለሞላ ሁሉም ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ግን የምቃወመው ነገር አለ። «አትቆምም» የሚለው እምነት ባለንብረቱን ያሰንፋል። በልምምድ ጊዜዬ ያየኋቸው ብዙዎቹ ከባድ ብልሽቶች ከአምራቹ የመጡ አልነበሩም። ዘይት መለወጥ ባለበት ኪሎ ሜትር አልተለወጠም፤ ሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀይ ሲወጣ «ቤት ልድረስና» ተብሎ ተነድቷል፤ ከዚያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ መጣ። ሌላ መኪና የያዘ ሰው ድምፅ ሲሰማ ደንግጦ ይቆማል። ቶዮታ የያዘው ግን «ቶዮታ እኮ ነው» ብሎ ይቀጥላል። ዝናው ያመጣው ሌላ ጣጣ ፎርጅድ ዕቃ ነው። ብዙ ገዢ ያለው ዕቃ ይመሰላል፤ በኦሪጅናል ካርቶን የተጠቀለለ የፍሬን ሸራ ሁሉ ኦሪጅናል አይደለም። የመብራት ፎርጅድ ቢገዛ ጨለማ ነው፤ የፍሬን ፎርጅድ ግን ቁልቁለት ላይ ነው የሚታወቀው። ባለንብረቱ በዋጋ ልዩነቱ ተስቦ ሲገዛ መኪናዋን በስሟ ያምናታል፤ ፍሬኗ ግን ከዚያ ስም ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ኩባንያውም ራሱ በዚህ እምነት ተጎድቷል። በ2008 ጄኔራል ሞተርስን በልጦ በሽያጭ የዓለም አንደኛ ሆነ። በነሐሴ 2009 በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ አቅራቢያ የነዳጅ መርገጫው በወለል ምንጣፍ ተይዞ አልመለስ ያለ ሌክሰስ አራት ሰዎችን ይዞ ተጋጨ፤ ሁሉም ሞቱ። ከዚያ ምንጣፉን፣ ቀጥሎም የሚጣበቅ መርገጫን ምክንያት በማድረግ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች እንዲመለሱ ተጠሩ። የኪቺሮ የልጅ ልጅ የሆነው ፕሬዚዳንቱ አኪዮ ቶዮዳ በየካቲት 2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ፤ ኩባንያው ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ማደጉንም ተናገረ። የናሳ ባለሙያዎች ኤሌክትሮኒክሱን መርምረው ለዚህ ምክንያት የሚሆን ጉድለት እንዳላገኙበት በ2011 ተገለጸ። ይህ መካኒካዊውን ችግር አያስቀርም፤ በ2014 ኩባንያው ለሕዝብ የተሳሳተ መረጃ በመስጠቱ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ከአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ተስማማ።

ከዚህ የበለጠ ያሳሰበኝ የዳይሃትሱ ጉዳይ ነው። ዳይሃትሱ ከ2016 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የቶዮታ ነው። በታኅሣሥ 2023 በደኅንነት ፈተናዎች ላይ ለዓመታት ማጭበርበር መፈጸሙ ይፋ ሆነ፤ 64 ሞዴሎችን የነካ ሲሆን በቶዮታ ስም የሚሸጡም ነበሩባቸው። የመኪኖቹ ርክክብ በሙሉ ለጊዜው ቆመ። አጣሪዎቹ ካቀረቧቸው ምክንያቶች ዋናው የጊዜ ጥበት ነው። መኪናው በተባለው ቀን መውጣት ስላለበት ሠራተኛው «አልደረሰም» ማለት አልቻለም። እንግዲህ ክሩ ተበጥሶ መሸመኛው ቀጠለ ማለት ነው። ገመድ መጎተት የሚፈቀደው ፋብሪካው ወለል ላይ ለሚሠራው ብቻ ከሆነ፣ ቢሮ ውስጥ ፈተና የሚሞላው ኢንጂነር ምን ይጎትት?

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ይሄዳል፤ የሚተኳቸው አዳዲሶች ኤሌክትሪክ ናቸው። ቶዮታም ቢዜድ ፎር ኤክስ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና አለው፤ አዲስ አበባ ውስጥም ይታያል። ይህ መኪና በ2022 በወጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የጎማ ብሎኑ ሊላላ ይችላል ተብሎ ተጠርቶ ነበር። ከ1935 ጀምሮ መኪና የሚሠራ ኩባንያ በጎማ ብሎን ሲቸገር አንዳንዶች ሳቁበት። እኔ ግን ባለንብረቶቹን መኪናውን አትንዱ ማለቱ ተገቢ ይመስለኛል።

ዲኤክስ ያላቸውን ጋሼን ስለ ኤሌክትሪኩ ጠይቄያቸው ነበር። ስለ ባትሪው ርቀትም ስለ ፍጥነቱም አላነሱም። «ማን ይፈታዋል?» ነው ያሉት። በትምህርት ክፍላችን ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ባትሪ ፈትቶ የመግጠም ልምምድ ከካርቡራተሩ እኩል ሰዓት ሊሰጠው ይገባል የምለው ለዚህ ነው።